የገፈርሳዋ ዳክዬ እና ሃያ ስምንት መልስ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት በአንድ ጽሑፍ ሥር መልስ እየተከታተለ የሚሄደውን ውይይት፣ የከፈተው ወፍ ማየት በቅርቡ የጀመረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ታህሳስ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአምቦን መንገድ ይዞ ገፈርሳ ግድብ ድረስ ሄዷል። የአንዲት ቀላ ያለች ዳክዬ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ፎቶው ከሩቅ የተነሳ ነው። ውሃው ያብረቀርቃል፣ ወፏ የትንሽ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። እሱ ግን አልተጠራጠረም። ማኮዋ ዳክዬ ናት ባይ ነው። ማኮዋ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ብቻ የምትኖር፣ ቁጥሯ እየወረደ ያለ፣ በዓለም ደረጃ ስጋት ላይ ናቸው ከሚባሉት ዳክዬዎች አንዷ ናት። ስለዚህ በደስታው አይፈረድበትም።

ከፎቶው ሥር ግን ከበድ ያለ ሐሳብ አስከትሏል። ረግረጎቻችን እየደረቁ፣ እየታረሱና ቤት እየተሠራባቸው ቢሆንም ግድቦቻችን እየተኳቸው ነው ይላል። ማስረጃው ይህቺ ዳክዬ ናት። ስለዚህ ገፈርሳ ታጥሮ እንደ ፓርክ መጠበቅ አለበት። እኔን እስከ መጨረሻው ያስነበበኝ ከወፏ ይልቅ ይሄ ነው።

ገፈርሳን ለማያውቅ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘችበት ዘመን ተጀምሮ በ1950ዎቹ ሰፍቷል። ዳሩ ሣር ነው፣ ከሣሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 1 እና 2። የመጀመሪያው እንኳን ደስ ያለህ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥበቃዎቹ ካሜራ ያሳልፉ እንደሆነ ይጠይቃል። የመለሰለት የለም። ጥያቄው እስከ ክሩ መጨረሻ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

መልስ 3። ነገሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። መላሹ ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ስላካፈለ ወንድሜ እያለ አመሰገነው። ከዚያ ቀስ እያለ ፎቶውን በለተው። የማኮዋ ወንድ ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፣ ምንቃሩ ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ ጅራቱ ደረቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከውሃው በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፎቶው ላይ ያለችው ጅራቷ ተኝቷል፣ ምንቃሯም ግራጫ ነው። የእሱ ግምት ሳውዘርን ፖቻርድ የሚባል ሌላ ዳክዬ ነው። የዚያ ወንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ምንቃሩ ግራጫ ሰማያዊ፣ ዓይኑ ቀይ ነው።

መልስ 4። ባለፎቶው ትንሽ ቅር ብሎታል። ፀሐዩ ከፊት ስለነበር ቀለሙ ጠፍቶ እንጂ በቦታው የነበረው እሱ ራሱ መሆኑን አስታወሰ።

መልስ 5 አንድ መስመር ናት። የዓይኗን ቀለምና ከጅራቷ ሥር ያለውን ቀለም የሚያሳይ ሌላ ፎቶ አለህ ወይ ትላለች። ከክሩ ሁሉ ጠቃሚዋ ጥያቄ እሷ ነበረች።

መልስ 6። ባለፎቶው ሁለት ፎቶ ጨመረ። አንዱ ላይ ወፏ ጀርባዋን ሰጥታ ስትዋኝ ከጅራቷ ሥር ቦግ ያለ ነጭ ይታያል። ሌላው ላይ ዓይኗ ነጭ ነጥብ ነው።

መልስ 7። ሦስተኛው መላሽ ተመልሶ መጣና የራሱንም ግምት ጣለ። ማኮዋም ፖቻርድም አይደለችም። ፌሩጂነስ ዳክዬ ናት። የጅራት ሥር ነጩ ይበቃል፣ ነጩ ዓይን ደግሞ ወንድ መሆኑን ይናገራል። ሁላችንም ዳክዬዋ ስንላት የቆየችው ወንድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዳክዬ የሚፈለፈለው በደቡብና በምሥራቅ አውሮፓ፣ እስከ መካከለኛው እስያ ባለው ምድር ነው። ክረምታቸው ሲጠና ወደ እኛ ይወርዳል፣ መጋቢት ገደማ ይመለሳል። እሱም ቢሆን ቁጥሩ እያሳሰበ ያለ ወፍ ነው፣ ስጋቱ ከማኮዋው ዝቅ ይላል እንጂ።

ባለፎቶው በጨዋነት ተቀበለ። ብዙ ክር እዚህ ላይ ይሞታል። ይሄኛው ገና መጀመሩ ነበር።

መልስ 8 ኮስታራ ነው። ሰላምታም የለው። ወፏ ማኮዋ ሆነች ፌሩጂነስ ሆነች ምን ለውጥ ያመጣል ባይ ነው። አንድ መንገደኛ ወፍ አንድ ጠዋት ውሃ ላይ አረፈ። ማታውን ሄዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ተነስቶ ግድብ ረግረግ ይተካል ማለት ፎቶን ከጥናት ጋር ማምታታት ነው። ወፍ ተመልካች ሁሉ ብርቅ እያሳደደ፣ በየቀኑ የሚያያቸውን ወፎች ዞር ብሎ አይቆጥርም ሲልም ጨመረ። አነጋገሩ ይጎረብጣል። የመጨረሻዋ ነጥቡ ግን ልክ ናት።

መልስ 9። የዚህች ሴት መልስ ረጅም ነው፣ ሙያው እንዳላት ያስታውቃል። ስምንተኛውን በግማሽ ተቀብላ በግማሽ አረመችው። መንገድ ስቶ የመጣ ወፍና በየዓመቱ በትንሽ ቁጥር የሚመጣ ወፍ ይለያያሉ። ፌሩጂነስ ሁለተኛው ነው፣ ኢትዮጵያ የክረምት ማሳለፊያው ናት። የጠፋ መንገደኛ ስለ ቦታው ብዙም አይነግረንም። በየዓመቱ የሚመለስ ግን የሚበላውና የሚያርፍበት እንዳገኘ ይናገራል። ችግሩ፣ ገፈርሳ ላይ ብርቅ ወፍ በብዛት የሚታየው ለከተማ ስለሚቀርብና ተመልካች ስለሚሄድበትም ጭምር ነው። ማንም የማይሄድበት ግድብ ወፍ የለውም ይባላል። ስለዚህ የዕይታ ዝርዝራችን የወፎቹን ያህል የተመልካቾቹ መኖሪያ የት እንደሆነም ያሳያል።

ቀጥላ ስለ ራምሳር ስምምነት አነሳች። በ1971 ኢራን ውስጥ የተፈረመው ይህ ስምምነት ረግረግን ሲተረጉም የተፈጥሮውንም ሰው ሰራሹንም ይጨምራል። አንድ ቦታ በዓለም ደረጃ ጠቃሚ የሚባልበት መለኪያም ቁርጥ ያለ ነው። በመደበኛነት 20,000 የውሃ ወፍ የሚይዝ፣ ወይም ከአንድ ዝርያ ሕዝብ አንድ በመቶውን የሚይዝ ይገባል። መለኪያው ውስጥ ዋናው ነገር መደበኛነቱ ነው። አንድ ዳክዬ አንድ ጠዋት አይሞላውም። በ1996 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር 69 ለወፎች ጠቃሚ ቦታዎችን ሲመዘግብ ገፈርሳም ቆቃም እንደገቡ አስታውሳ፣ የመዝገቡ ውስጥ መግባት ግን ብቻውን ሕጋዊ ከለላ እንዳልሆነ ነገረችን።

መልስ 10። አስጎብኚ ናቸው፣ በዕድሜም ገፋ ያሉ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። አንድ ፌሩጂነስ ይዘን ስንጨቃጨቅ ማየታቸው አስገርሟቸዋል። ፈረንጅ ገፈርሳ የሚሄደው ለሌላ ነው፣ ለባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ። ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም በተፈጥሮ አይገኝም። ገፈርሳ ላይ ግን ከመኪና ሳይወርዱ የሚታይበት ቀን አለ። ላባው ለብርዱ ወፍራም ነው። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ያሳርፋል። ሰማያዊው ክንፍ ሲቆም ተሸፍኖ ይውላል፣ ሲበር ነው የሚያበራው። የውሃ ወፍ የሚበላ ሰው በአካባቢው ስለሌለ ከሰው አይሸሽም። ስለዚህ የእሳቸው አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፤ የግድቡ ዋጋ የሚለካው በዝዩ ነው።

ከዚያ አጥሩን ተቃወሙ። ዝዩ ሣር ይግጣል፣ የሚወደውም አጭር ሣር ነው። አጭር ያደረጉት የገበሬው ከብቶች ናቸው። ቦታው ታጥሮ ሣሩ ጉልበት ቢደርስ ዝዩ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

መልስ 11 ይህን አልተቀበለም። ከብት ጎጆ ይረግጣል፣ እረኛው ውሻ ይዞ ይመጣል፣ ውሻው ጫጩት አይምርም። ጋሼ በቱሪስት መኪና መስኮት ስለሚያዩ ይህን አላዩ ይሆናል የሚል ነገር ጣል አደረገ። ባይለው ይሻል ነበር።

መልስ 12። ጋሼ አልተቆጡም፣ ይህ ደስ አለኝ። ውሻው እውነት ነው ብለው፣ በዝዩ መራቢያ ወራት የዳሩን ከፊል ከከብት ነፃ ማድረግ፣ በቀረው ጊዜ ማስጋጥ ይበቃል አሉ። የመላሹን አነጋገር በዝምታ አለፉት። እሱም ሌላ ጊዜ ብቅ አላለም።

መልስ 13 የመጣው ከወለጋ ነው። ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። ፊንጫ ግድብ በ1973 ሲያልቅ ውሃው የተኛው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። ጮመን የሚባል ሰፊ ረግረግ ነበረ። ጸሐፊው አባቱ የነገሩትን ይዞ ነው የሚናገረው። ከብት የሚግጥበት፣ ሰው ሣር የሚያጭድበት፣ ወፍ የሞላበት ምድር ነበር። ግድቡ ሲሞላ ሰውም ከብትም ተገፋ፣ ጥልቀት የሌለው ረግረግ በአብዛኛው ጥልቅ ውሃ ሆነ። ዛሬ ከሐይቁ ዳር የተረፈው ቁራጭ ረግረግ ወፍ ስላለው፣ ሰዎች ግድቡ ወፍ አመጣ ይላሉ። ቀድሞ የነበረውን የቆጠረ ግን የለም። ግድብ ረግረግ ይተካል ከማለት በፊት ግድቡ ምን እንደዋጠ ይጠየቅ ሲል ባለፎቶውን በስሙ ጠርቶ ተናገረው። ቃሉ ጠንከር ያለ ነው። ማንም ሊመልስለት አልቻለም፣ እኔም የምመልስለት የለኝም።

መልስ 14። የቆቃ ዓሣ አስጋሪ ልጅ ነው። ቆቃ በ1960 የተመረቀ ነው። እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚያና አዋሽ ላይ፣ በ1965 ነው። ልጁ ስለ እምቦጭ ብዙ አላወራም፣ ወሬው ስለ መረብ ነው። ጠልቀው የሚመገቡ ዳክዬዎች ሌሊት በተዘረጋ መረብ ተጠልፈው ይሰምጣሉ። ዓሣ አስጋሪው እነሱን አይፈልጋቸውም፣ መረቡን ስለሚቀዱበት እንዲያውም ይረግማቸዋል። ማኮዋ የምትመገበው ከታች ጭቃው ውስጥ ያሉ ትንንሽ ተባዮችን ስለሆነ መረብም፣ ጭቃው ውስጥ የሚጠራቀም መርዝም ቀድሞ የሚያገኘው እሷን ነው ስትል ዘጠነኛዋ ከሥሩ አከለች።

መልስ 15 እና 16። አንድ ሰው አዲስ አበባ ካሉት አዳዲስ ፓርኮች በአንዱ ኩሬ ላይ የምትዋኝ ነጭ ዳክዬ ፎቶ ለጥፎ ብርቅ ናት ወይ አለ። የቤት ዳክዬ መሆኗን በትህትና ነገሩት። ብዙ የሳቅ ምልክት ተደረደረ።

ከ17 እስከ 19 ያለው ሕዳሴ ግድብ ነው። አንዱ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ እያለን ስለ ገፈርሳ ማውራት ትንሽነት ነው አለ። ሌላው ፖለቲካ አታምጣ አለው። ሦስተኛው አመጣው። አወያዩ ሁለት መልስ እንደሰረዘ ጽፎ አስጠነቀቀ።

መልስ 20 ክሩን ወደ ቦታው መለሰው። የውሃ ወፍ የሐይቅ ስፋት አይበላም። አብዛኞቹ ዳክዬዎች የሚመገቡት ጭንቅላታቸውን ደፍተው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አድርገው ነው። ከጉልበት በማይዘል ውሃ ውስጥ ማለት ነው። የሚጠልቁትም ቢሆኑ ጥቂት ሜትር ነው የሚወርዱት። የጥልቅ ግድብ መሃሉ መኝታ ነው፣ ማዕዱ ዳሩ ላይ ነው። ገደል ዳር ያለው ግድብ ምንም ያህል ቢሰፋ ማዕድ የለውም። ገፈርሳ ትንሽ ሆኖ ወፍ የሚስበው ዳሩ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ነው። ከመስከረም ሞልቶ እስከ ግንቦት ሲጎድል በየሳምንቱ አዲስ ጭቃና ሣር ይገለጣል። ይኸው መጉደልና መሙላት ግን ውሃው ጠርዝ ላይ የተሠራ ጎጆንም ሊያሰጥም ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ያልኩት፣ የውሃውን ከፍታ የሚወስነው ከወፍ ጋር ጉዳይ የሌለው ሰው መሆኑን ነው።

መልስ 21 አቡዳቢ ካለች ሴት ነው። የምትሠራበት ቤት ልጆች አል ወትባ የሚባል የወፍ ጥብቅ ቦታ ይወስዷታል። ከተጣራ ፍሳሽ የተፈጠረ ረግረግ መሆኑን ስታውቅ አፍንጫዋን ይዛ ነበር፣ እንደ እሷ አባባል። በ1998 ፍላሚንጎዎች እዚያ ፈለፈሉና በዚያው ዓመት ሼክ ዛይድ ቦታው እንዲጠበቅ አዘዙ። በ2013 የራምሳር ቦታ ሆነ። በረሃ ላይ ቀድሞ የጠፋ ረግረግ ስላልነበረ፣ የአሥራ ሦስተኛው መላሽ ክስ እዚያ አይሠራም ስትል ጨመረች። ብልህ ነጥብ ናት።

መልስ 22 ፍላሚንጎ ዳክዬ አይደለም ብቻ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየክሩ አለ።

መልስ 23። እስራኤል የሚኖር ነው። የሁላ ሐይቅና ረግረጉ በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ደረቀ። በ1994 የተወሰነው ክፍል በሰው እጅ ተመልሶ ውሃ ገባበት፣ አጋሞን ይባላል። አሁን በክረምት ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች በአስር ሺዎች ያርፋሉ። የገበሬውን ማሳ እንዳይነኩ በቆሎ ይበተንላቸዋል። ከፊንላንድ ተነስተው እዚያ አርፈው ኢትዮጵያ የሚደርሱ ክሬኖች በሳተላይት ተከታትለው ታይተዋል። እሱ የሚያየው ወፍ የኛን ጤፍ ቃርሚያ ሊለቅም ይመጣል ማለት ነው። ጥሩ ወሬ መስሎኝ ነበር። መጨረሻው ግን ሌላ ነው። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ገባና ከ5,000 በላይ ክሬኖች ሞቱ። ሁሉም አንድ ኩሬ ላይ ተከማችተው ነበር። ረግረጎች ሲያልቁና አንድ ሰው ሰራሽ ውሃ ብቻ ሲቀር ወፉ ምርጫ አጥቶ ይከማቻል። ብዛቱን አይተን ስንደሰት አደጋውን እያየን ሊሆን ይችላል።

መልስ 24 ከካሊፎርኒያ ነው፣ ንግግሩም የተቆጣ ሰው ንግግር ነው። ኬስተርሰን የሚባል ቦታ ነበር። የመስኖ እርሻ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ኩሬ ሲሆን የወፍ መጠለያም ተብሎ ተሰይሟል። ወፉ ሞላው። በ1983 ዓይን የሌላቸው፣ እግራቸው የተበላሸ ጫጩቶች ተገኙ። ምክንያቱ ከአፈር ታጥቦ የመጣ ሴሊኒየም፣ ሲበዛ መርዝ የሚሆን ንጥረ ነገር ነበር። ሰው ሰራሽ ውሃ ወፉን ሊያታልለው ይችላል፣ ላይ ላዩን ረግረግ ይመስላል። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። እዚያም ወፍ አለ። ፎቶ እያነሳችሁ የምታጨበጭቡት ምን እየበላ እንደሆነ ጠይቃችኋል ወይ ነው ነገሩ። አንድ ሰው ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ንጹሕ ነው ብሎ ሊያረጋጋው ሞከረ። እሱ ግን የተናገረው ስለ ገፈርሳ አልነበረም።

መልስ 25 እንግሊዝ አገር ካለች ነርስ። ብርቅ ማሳደድን የነቀፈውን ስምንተኛውን በሌላ በኩል አጠናከረችው። በ1950ዎቹ ከስሊምብሪጅ የወፍ ማሳደጊያ ያመለጠ ራዲ ዳክ የሚባል የአሜሪካ ዳክዬ በእንግሊዝ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ተባዛ። መጀመሪያ ብርቅ ነበር፣ ሰው ለማየት ይጓዝ ነበር። ከዚያ ስፔን ደረሰና እዚያ ካለው ነጭ ራስ ዳክዬ ጋር ተዳቀለ። ነጭ ራሱ በስፔን በ1977 ወደ 22 ብቻ ወርዶ ገና እያገገመ ነበር። እንግሊዞች ከ2005 ጀምሮ ራዲውን በዘመቻ ገደሉ። የሚገርመው፣ ነጭ ራሱ ካገገመባቸው ቦታዎች አንዱ ኤል ኦንዶ የሚባል የመስኖ ማጠራቀሚያ ነው። ሰው ሰራሽ ውሃ አንዱን ዳክዬ አዳነ፣ አጥፊውንም አሳደገ።

መልስ 26። የአምስተኛዋ መስመር ባለቤት ተመለሰች። ከሁሉ ደረቁ መልስ ይህ ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስኬደውም እሱ ነው። ፓርክ መጠየቁን ተዉት አለች። ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው፣ ነገም እንደዚያው ይቆያል። ወፉን እስከ ዛሬ የጠበቀው ሕግ የለም። ለውሃው የቆመው ጥበቃ ነው ሳያስበው ወፉን የጠበቀለት። የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው። ዳሩ እንዳይታረስ፣ ባሕር ዛፉ ወደ ሣሩ እንዳይገፋ፣ በመራቢያ ወራት ጋሼ ያሉት ክፍል እንዲከበር። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ አገር የውሃ ወፍ ይቆጠራል። እኛም በዚያው ሳምንት እንቁጠር። ብርቁን ብቻ አይደለም፣ ተራውን ዳክዬና ዝይ ሁሉ። የሌለውንም ዜሮ ብለን እንጻፍ። ፊንጫ ላይ የጎደለው ያ ዜሮና ያ ቁጥር ነው።

መልስ 27። ስምንተኛው ነው። በመጠኑ ለዘብ ብሏል፣ ግን አላመሰገነም። ቁጥሩ የት እንደሚሄድ ካልታወቀ ሽርሽር ነው አለ። ዘጠነኛዋ ለጠቀሰችው የዱር እንስሳት ማኅበር እንደሚላክ ተነገረው። እንግዲያስ ቴሌስኮፕ አለኝ አለ።

መልስ 28 ከአስኮ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ወደ ግድቡ ታክሲ እንደሚገኝ ይገልጻል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አስኮ፣ ጃኬት የግድ ነው፣ ውሻ ይዞ መምጣት ክልክል።